ከባኮ እስከ ዴዴሳ፦ በወለጋ ሸለቆዎች በብስክሌት ለመጓዝ ማወቅ የሚገባው

አኖ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባኮ ወደ ነቀምቴ ሲኬድ የምትገኝ ከተማ ስትሆን የምሥራቅ ወለጋ ዞን የጎቡ ሰዮ ወረዳ መቀመጫ ናት። በአውቶቡስ የሚጓዝ መንገደኛ በጥቂት ደቂቃ ያልፋታል። በብስክሌት ለሚጓዝ ሰው ግን ትርጉሟ ሌላ ነው። ከባኮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ነቀምቴ ደጋ ከመውጣቱ በፊት ውኃ የሚቀዳባት፣ ጎማውን የሚፈትሽባትና ስለ ቀጣዩ መንገድ የሚጠይቅባት ቦታ ናት።

በወለጋ ለብስክሌት ተብሎ የተሠራ መንገድ የለም። ያለው ከጭነት መኪና፣ ከሚኒባስ፣ ከባጃጅ፣ ከአህያና ከከብት ጋር የሚጋሩት ጎዳና ነው። ሆኖም ነቀምቴን ማዕከል አድርገው በአራት አቅጣጫ የሚወጡት መንገዶች የጊቤን፣ የዴዴሳን፣ የአንገርንና የዓባይን ሸለቆዎች ስለሚያገናኙ፣ የአገሪቱን ምዕራባዊ ክፍል ቀስ ብሎ ማየት ለሚሻ ሰው ከፍ ያለ ዋጋ አላቸው። ከዚህ በታች መስመሮቹ፣ የጉዞው ወቅት፣ አደጋዎቹና የሚያስፈልገው ዝግጅት በቅደም ተከተል ቀርበዋል።

ወንዝ መከተልና ወንዝ መሻገር

በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች የብስክሌት ጉዞ ከተስፋፋባቸው ምክንያቶች አንዱ የሸለቆዎቹ ቅርጽ ነው። በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር ሸለቆዎቹን እየፋቀ ወለላቸውን ሰፊና ለጥ ያለ አድርጎታል። ከተሞቹም፣ የባቡር ሐዲዱም፣ የብስክሌት መንገዱም በወንዙ ዳር ተዘርግተዋል። ለምሳሌ ከስዊዘርላንድ ማሎያ ተነሥቶ በኦስትሪያ ኢንስብሩክ በኩል አልፎ ጀርመን ውስጥ ፓሳው ላይ የሚያበቃው የኢን ወንዝ የብስክሌት መስመር 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ተጓዡ በአመዛኙ ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች ስለሚሄድ፣ ዙሪያውን ተራራ ከብቦት እንኳ አቀበት እምብዛም አያስቸግረውም።

የወለጋ መልክዓ ምድር ከዚህ ተቃራኒ ነው። ወንዞቹ ከፍ ያለውን አምባ እየቆረጡ ወርደው ጥልቅና ሞቃት ሸለቆ ፈጥረዋል። ነዋሪው ከወባ፣ ከገንዲ በሽታና ከሙቀት ለመሸሽ ከጥንት ጀምሮ በአብዛኛው ከፍታውን መርጦ ሰፍሯል። ትልልቆቹ ከተሞች በደጋና በወይና ደጋ ተራርቀው ተመሥርተዋል፤ አውራ ጎዳናዎቹም ከአንዱ ከፍታ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ወንዙን የሚያገኙት ድልድይ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በአልፕስ ሸለቆ የሚጓዝ ሰው ወንዙን ይከተላል፤ በወለጋ የሚጓዝ ሰው ወንዙን ይሻገራል።

ይህ ልዩነት የጉዞውን ስሌት ይለውጠዋል። በካርታ ላይ 50 ኪሎ ሜትር የሚመስል ርቀት መካከሉ ላይ ድልድይ ካለበት ረጅም ቁልቁለትና ረጅም አቀበት ማለት ነው። ሻንጣ የጫነ ጤነኛ ብስክሌተኛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሽቅብ የሚወጣው በአማካይ ከ300 እስከ 400 ሜትር ከፍታ ነው። በመሆኑም 700 ሜትር አቀበት ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የቀኑን መርሐ ግብር የሚወስነው የኪሎ ሜትር ብዛት ሳይሆን፣ ድልድዩ ላይ የሚደረስበት ሰዓት ነው።

ሁለት ተፋሰሶች በአንድ ጎዳና

ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ ያለው መንገድ 331 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ በኩል የሚያልፈው ይህ ጎዳና የሁለት ታላላቅ ወንዞችን ተፋሰሶች ያቋርጣል። የጉደር ወንዝ ወደ ሰሜን ፈስሶ ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። የጌዶን ከፍታ አልፎ ወደ ባኮ ሲወረድ ግን ውኃው ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ወደ ጊቤ፣ ከዚያም በኦሞ በኩል ወደ ቱርካና ሐይቅ ያመራል። ከዚያ አልፎ ነቀምቴ ሲደረስ ውኃው እንደገና ወደ ዴዴሳና ወደ ዓባይ ይመለሳል።

አንድ ብስክሌተኛ በሁለትና በሦስት ቀን ጉዞ ውስጥ የዓባይንና የኦሞን የውኃ መክፈያ ሁለት ጊዜ ይሻገራል። በመኪና የሚሄድ ሰው ይህን ላያስተውል ይችላል፤ በእግሩ ኃይል ከፍታውን የወጣ ግን አይስተውም።

የመጀመሪያው መስመር፦ ከባኮ በአኖ በኩል እስከ ነቀምቴ

ይህ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የአስፋልት መንገድ ለጀማሪ ተጓዥ ከአራቱ የሚመረጠው ነው። ባኮ ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ነቀምቴ 2,088 ሜትር ላይ ናት። የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት ከ450 ሜትር ባይበልጥም፣ መንገዱ በመካከል ደጋግሞ ስለሚወርድና ስለሚወጣ ድካሙ ከዚህ ቁጥር ይበልጣል። ርቀቱን በአንድ ቀን መጨረስ የሚቻል ቢሆንም፣ በአኖ አርፎ፣ በሲሬ አድሮ በማግስቱ ነቀምቴ መግባት ለሰውነትም ለዕይታም ይመቻል።

መስመሩ የበቆሎ አገር ነው። የባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል የአገሪቱን የበቆሎ ምርምር በማስተባበር ይታወቃል። ቢኤች-540፣ ቢኤች-660 እና ቢኤች-661 የተባሉት ድቅል ዝርያዎች ስማቸውን ያገኙት ከባኮ ነው። በመስከረም ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ መንገዱን ግራና ቀኝ የሚጋርደው በቆሎ በኅዳር ተቆርጦ ሲከመር፣ የተሸፈነው ሸለቆ በአንድ ጊዜ ይገለጣል። ከበቆሎው በተጨማሪ በርበሬ፣ ኑግ፣ ዳጉሳና ማንጎ በአካባቢው ይመረታሉ።

ማንጎን በሚመለከት ተጓዦች ሊጠነቀቁት የሚገባ ጉዳይ አለ። በኢትዮጵያ የማንጎ ነጭ ተባይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ዞን በጉቶ ጊዳ ወረዳ ነው። ተባዩ ከቅጠልና ከፍሬ ጋር ተጣብቆ ከቦታ ወደ ቦታ ይጓዛል። የማንጎ ችግኝ፣ ቅጠል ወይም ቅጠል የያዘ ፍሬ በሻንጣ ጭኖ ወደ ሌላ አካባቢ መሄድ በገበሬው ላይ ጉዳት ማድረስ ነው። ፍሬውን ከገበያ ገዝቶ እዚያው መብላት ይገባል።

ሁለተኛው መስመር፦ ከነቀምቴ በዴዴሳ በኩል እስከ ጊምቢ

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በዲጋ ወረዳ በኩል ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል። ድልድዩ የሚገኘው ከ1,400 ሜትር በታች በሆነ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ተጓዡ ከነቀምቴ ከ650 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ወደ ጊምቢ ከፍታ መልሶ ይወጣል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተኩል ስለሚጨምር፣ በነቀምቴ ጠዋት ጃኬት የለበሰ ሰው ድልድዩ ላይ ሲደርስ በሸሚዝ ብቻ ሆኖ ያልበዋል።

ዴዴሳ በኢትዮጵያ ውስጥ ወደ ዓባይ ከሚገቡት ገባር ወንዞች በውኃ መጠን ትልቁ ነው። ከምሥራቅ አንገርን፣ ከምዕራብ ዳባናን ተቀብሎ ወደ ሰሜን ይወርዳል። ከወንዙ ማዶ ያለው የጊምቢ አካባቢ በቡና የታወቀ ነው። የወለጋ ቡና በገበያ ስሙ «ለቀምት» እየተባለ ለውጭ ገበያ ሲቀርብ ኖሯል። የቡናው ለቀማ በሚካሄድባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ሳምንታት በየመንገዱ ዳር በአልጋ ላይ የተሰጣ ቀይ ቡና ይታያል።

ሦስተኛው መስመር፦ ከነቀምቴ በአርጆ በኩል እስከ በደሌ

ወደ ደቡብ የሚወስደው መስመር ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ይላል፤ ከአራቱም ይልቅ የከፍታ ለውጡ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ነው። መንገዱ ከነቀምቴ ተነሥቶ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ጂማ አርጆ ይወጣል። አርጆ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት። ከዚያ መንገዱ የአርጆ ዴዴሳ ስኳር ፋብሪካ የሸንኮራ እርሻ ወደተዘረጋበት ቆላ ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት ብቻ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይቀንሳል። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ከ2,000 ሜትር በላይ ወዳለችው በደሌ ለመድረስ ሌላ አቀበት ይጠብቃል።

ይህን መስመር በአንድ ቀን ለመጨረስ መሞከር አይመከርም። የመጀመሪያውን ቀን በአርጆ ማደር፣ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወርዶ ሙቀቱ ሳይበረታ ድልድዩን ማለፍ የተሻለ ነው።

አራተኛው መስመር፦ ከነቀምቴ በአንገርና በዓባይ በኩል እስከ ቡሬ

ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ወደ 250 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን ኦሮሚያን ከአማራ ክልል ጋር ያገናኛል። በኡኬና በአንገር ጉቲን ቆላ አልፎ በጊዳ አያና በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ቡሬ ይወጣል። በመልክዓ ምድሩ ከአራቱ መስመሮች ሁሉ ሰፊውና አስደናቂው ይህ ነው። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ችግር ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች መካከል በመሆኑ፣ የሕዝብ ማመላለሻ በመደበኛነት መሥራቱ ሳይረጋገጥ በብስክሌት ሊሞከር አይገባም።

የጉዞ ወቅት

በምዕራብ ወለጋም ሆነ በምሥራቅ ወለጋ ዝናቡ ረጅም ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት አጋማሽ ይዘልቃል። በነቀምቴ የሚጥለው ዓመታዊ ዝናብ 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በክረምት አስፋልቱ ያንሸራትታል፤ ጭጋግ የአሽከርካሪን ዕይታ ይጋርዳል፤ ከዋናው ጎዳና የሚገነጠሉት የገጠር መንገዶችም በጭቃ ይዘጋሉ።

ምቹው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ነው። ወንዞቹ ገና ሙሉ ናቸው፤ ሣሩም አልደረቀም፤ አዝመራው እየተሰበሰበ ስለሆነ ገበያው ይደምቃል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ሸለቆዎቹ እጅግ ይሞቃሉ፤ ለእርሻ ዝግጅት የሚቃጠለው ቁጥቋጦ ጭስም አየሩን ይሸፍነዋል።

በየዕለቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መነሣት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ጥላ ሥር ማረፍ፣ ከምሽቱ 11 ሰዓት በፊት ማደሪያ መግባት የአካባቢው መንገደኛ ሁሉ የሚያውቀው ሥርዓት ነው። ከመሸ በኋላ መብራት የሌለው ጋሪ፣ ወደ ቤት የሚነዳ ከብትና በፍጥነት የሚመጣ የጭነት መኪና በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

ወባ፣ ዝንብና ውኃ

በኢትዮጵያ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ አካባቢ በአጠቃላይ ለወባ የተጋለጠ ተብሎ ይወሰዳል። ይህ ማለት ባኮም፣ አኖም፣ የዴዴሳና የአንገር ሸለቆዎችም በዚህ ክልል ውስጥ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ኦሮሚያ፣ በተለይም ምዕራባዊው ክፍል፣ በብርቱ ከተጎዱት አካባቢዎች መካከል ነበር። የወባ ወቅት የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሲሆን፣ ይህም ለብስክሌት ጉዞ ምቹ ከሆነው ጊዜ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ከጉዞ በፊት የጤና ባለሙያ ማማከር፣ አጎበር መያዝና በተቻለ መጠን በከፍታ ላይ ባሉ ከተሞች ማደር ያስፈልጋል። ከጉዞ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት የተሰማው ሰው ሳይዘገይ መመርመርና የት እንደነበረ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

በዴዴሳና በአንገር ቆላ የገንዲ ዝንብ አለች። ዝንቧ ለከብት አርቢው ትልቅ ጠላት ናት፤ ብዙ ቤተሰብ የእርሻ በሬውን ያጣው በእርሷ ምክንያት ነው። የሚንቀሳቀስ ነገርን እየተከተለች የምትነክስ ሲሆን፣ ሰማያዊና ጥቁር ቀለም ይስባታል። የዝንብ ማጥመጃው ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ብስክሌተኛው በሸለቆው ውስጥ ፈዘዝ ያለና ሰውነት የሚሸፍን ልብስ ቢለብስ ይጠቀማል።

ውኃ በብዛት መያዝ ግድ ነው። በቁልቁለትና በአቀበት መካከል ረጅም ርቀት ሱቅ ላይገኝ ስለሚችል፣ ወደ ሸለቆ ከመወረዱ በፊት በነፍስ ወከፍ ቢያንስ አራት ሊትር መሙላት ይመከራል። የወንዝ ውኃ ሳይፈላ ወይም ሳይታከም አይጠጣም። በቆላ ዝግ ብሎ የሚፈስ ውኃ ቢልሃርዚያ ሊያስይዝ ስለሚችል መዋኘትም መልካም አይደለም።

ቁልቁለትና ፍሬን

በሸለቆ ጉዞ ሰውን የሚያደክመው አቀበት ነው፤ ለአደጋ የሚያጋልጠው ግን ቁልቁለት ነው። ሻንጣ የጫነ ብስክሌት በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሳያቋርጥ ከተያዘ የጎማው ቸርኬ ይግላል፤ ከመነዳሪውም ሊፈነዳ ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ፍሬንን ለጥቂት ሰከንድ ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ ሁለቱንም ፍሬኖች በየተራ መጠቀምና በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው።

የጭነት መኪኖች በዚሁ ቁልቁለት ላይ በከባድ ማርሽ ይወርዳሉ፤ አንዳንዴም በመታጠፊያ ላይ መስመራቸውን ይለቃሉ። የመንገዱ ትከሻ ጠባብ በሆነበት ቦታ ከመኪና ጋር መጋፋት አይገባም፤ ወርዶ ማሳለፍ ይበጃል። ደማቅ ሰደርያ፣ የራስ ቁርና የኋላ መብራት አስፈላጊ ናቸው።

ትርፍ ከመነዳሪ፣ የፍሬን ጎማ፣ ሰንሰለት መጠገኛና መንፊያ ከቤት ይያዛል። በየከተማው ጎሚስታ አይታጣም፤ የተበሳ ከመነዳሪ ይለጠፋል፤ የተሰበረ ብረትም ይበየዳል። ለዘመናዊ ብስክሌት የሚሆን መለዋወጫ ግን በነቀምቴም ቢሆን አይገኝም ብሎ ማሰብ ይሻላል።

ጸጥታንና ፈቃድን ማጣራት

በወለጋ ዞኖች ባለፉት ዓመታት በነበረው የጸጥታ ችግር ምክንያት የሕዝብ ማመላለሻ ደጋግሞ ተቋርጧል፤ ነዋሪዎች ሞተዋል፤ ተፈናቅለዋል። ሁኔታው ከወረዳ ወረዳ፣ ከሳምንት ሳምንትም ይለያያል። ከወራት በፊት የተጻፈ መረጃ ለዛሬ ጉዞ አያገለግልም።

ስለሆነም ከእያንዳንዱ ቀን ጉዞ በፊት ሦስት ነገሮችን ማድረግ ይገባል። አንደኛ፣ በወረዳው የአስተዳደር ወይም የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ መታወቂያ አሳይቶ መስመሩን ማስመዝገብ። ሁለተኛ፣ በአውቶቡስ መናኸሪያ የዚያኑ ቀን ከወዲያ የመጡ አሽከርካሪዎችን መጠየቅ። ሦስተኛ፣ የሚደረስበትን ከተማና ሰዓት ለሚታመን ሰው መንገር። መናኸሪያው ባዶ ከሆነና አውቶቡስ ካልተንቀሳቀሰ፣ ብስክሌቱም መቆም አለበት። በድልድዮች፣ በኬላዎችና በወታደራዊ ሥፍራዎች አቅራቢያ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ነው።

ስንቅ፣ ማደሪያና ሰላምታ

የወለጋ የቤት ምግብ ለረጅም መንገድ የተፈጠረ ይመስላል። ጭኮ ከተቆላ የገብስ ዱቄትና ከተነጠረ ቅቤ የሚዘጋጅ በመሆኑ ሳይበላሽ ብዙ ቀን ይቆያል፤ በጥቂቱም ብዙ ኃይል ይሰጣል። በመስቀል ሰሞን ከመሬት የሚወጣው አንጮቴ፣ በቅቤና በእርጎ የሚቀርበው ጩምቦ፣ በቅቤ የሚዘጋጀው ቡና ቀላ ተጓዡ በየደረሰበት ሊቀምሳቸው የሚገቡ ናቸው። ማደሪያን በተመለከተ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በበደሌ ሆቴሎች አሉ፤ በትንንሾቹ ከተሞች ደግሞ በአልጋ ቤት ይታደራል።

በገጠር መንገድ ታላላቆችን «ኦቦ»፣ እናቶችን «አዴ» ብሎ መጥራት፣ «አካም» ብሎ ሰላምታ መስጠትና «ገላቶማ» ብሎ ማመስገን በር ይከፍታል። ነቀምቴ ለአንድ ቀን የሚያርፍ ሰው የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥትና የወለጋን ሙዚየም ሊጎበኝ ይችላል።

ብስክሌትና የመንገድ ዳር ከተሞች

ብስክሌት በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ውድድር ብስክሌተኞቿ ከአትሌቶቿ ጋር ተሰልፈዋል። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚደረገው የብስክሌት ጉዞም በኢትዮጵያ አልፏል፤ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ አቀበትም ከጉዞው ፈታኝ ክፍሎች አንዱ ሆኖ ታውቋል። ያ ጉዞ የሚያልፈው በጎንደርና በባሕር ዳር በኩል ስለነበር የወለጋ ሸለቆዎች ከተጓዡ ዓይን ርቀው ቆይተዋል።

የብስክሌት ተጓዥ ከሌላው መንገደኛ የሚለየው በመቆሙ ነው። አውቶቡስ ከነቀምቴ አዲስ አበባ ሲሄድ አኖና ሲሬ ላይ የሚተወው ገንዘብ ጥቂት ነው። በቀን ከ40 እስከ 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው ግን ቁርሱን በአንዷ፣ ምሳውን በሌላዋ፣ እራቱንና አልጋውን በሦስተኛዋ ከተማ ይገዛል። ጥቅሙ የሚደርሰው ሻይ ለምታፈላው፣ በቆሎ ለምትጠብሰው፣ ጎማ ለሚለጥፈውና አልጋ ለሚያከራየው ነው።

ይህ ጥቅም እንዲገኝ አስቀድሞ መንገዱ ሰላም መሆን አለበት። ገበሬው በርበሬውን ያለ ሥጋት ለገበያ ሲያወጣ፣ ተማሪው ያለ ሥጋት ትምህርት ቤት ደርሶ ሲመለስ፣ አውቶቡሱም በሰዓቱ ሲነሣ፣ ያ መንገድ ለብስክሌተኛም ክፍት ነው። እስከዚያ ድረስ ጉዞ ያሰበ ሰው ከባኮ እስከ ነቀምቴ ባለው አጭር መስመር ላይ ሁኔታውን እያጣራ ቢጀምር፣ የዴዴሳን አቀበት ደግሞ ለቀጣዩ ጊዜ ቢያቆየው የተሻለ ነው።